የአያት ለቅሶ በሳንግሙን ዶንግና በመርካቶ

“ሪፕላይ 1988” ከተባለው የኮሪያ የቤተሰብ ድራማ 20 ክፍሎች ውስጥ የመርካቶ ተመልካች ደጋግሞ የሚያነሳው ሁለተኛውን ነው። በዚህ ክፍል የዋናዋ ባለታሪክ የዶክሱን አያት፣ የአባቷ እናት፣ ገጠር ውስጥ ያርፋሉ። ልጆቹ ከሴኡል ሲነሱ አባታቸውን በሐዘን ተሰብሮ እናገኘዋለን ብለው ነው፤ በምን ቃል እንደሚያጽናኑት ሲጨነቁ መንገዱ ያልቃል። ደርሰው ሲያዩት ግን አባትየው፣ ሱንግ ዶንግ ኢል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ መጠጥ ይቀዳል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሌላውንም ያስቃል። አክስቶችም ወዲያ ወዲህ እያሉ ምግብ ሲያቀርቡ ፊታቸው ፈካ ያለ ነው። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል፣ ይቀየማሉም። እናቱ የሞተችበት ሰው እንዲህ ይስቃል ወይ?

ክፍሉ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድም ይደርሳል። ወንድምና እህት ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ያ ሁሉ ሳቅ ይከዳቸዋል። ተቃቅፈው፣ ድምፅ አውጥተው፣ እናቱ ገበያ ውስጥ እንደጠፋችበት ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ። ልጆቹ አባታቸው ልጅ ሆኖ ሲያለቅስ የሚያዩት በዚያች ቅጽበት ነው። የዝግጅቱ ብልኃት ማዘግየቱ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሺን ዎን ሆና ደራሲዋ ሊ ዉ ጁንግ ሳቁን ተመልካቹ እስኪታዘባቸው ድረስ ያስረዝሙታል፤ እንባውን የሚለቁት ተመልካቹ በሰውየው ከፈረደ በኋላ ነው።

ይህን ትዕይንት ያየ የመርካቶ ሰው ሰብታይትሉን ማንበብ አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናት ጎን ተቀምጣ “እንዲህ አለ፣ እንዲህ አለችው” እያለች የምትተረጉም ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። እናትየው ቀድመው ገብቷቸዋል፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደዋል።

የገባቸውም ለቅሶ ቤትን ስለሚያውቁት ነው። በመርካቶ ሰው ሲሞት ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ወጥቶ በጠባቡ መንገድ ላይ ይደረደራል፤ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፣ ማንም አይከራከርም። የመጀመሪያው ቀን የጩኸት ቀን ነው። ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ይቀመጣል፣ ለቅሶ ደራሹም ገብቶ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ሲወጣ “እግዜር ያጥናችሁ” ይላል። ሲመሽ ነገሩ ይለወጣል። የሰፈሩ ወጣቶች ሐዘንተኛ ብቻውን አይደር ብለው ድንኳኑ ውስጥ ያድራሉ። ንፍሮ ይዘገናል፣ ሻይ ይዞራል፣ ካርታ ይወጣል፤ ኮንከር እስኪነጋ ይካሄዳል። የሟቹ ቀልድ ይነሳል፤ መቼ ማንን እንዳሳቀ፣ ከማን ጋር ተጣልቶ በማን እንደታረቀ። ሐዘንተኛው ራሱ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ሲስቅ ይታያል። ይህን ያየ ልጅ እንደ ዶክሱን ይቀየማል፤ ሲያድግ ድንኳኑ ያለ ሳቅ ሦስት ቀን እንደማይዘለቅ ይገባዋል።

በኮሪያም ልማዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐዘኑ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀን ይቆያል፤ እንግዳው ለሟቹ ሰግዶ፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ በፖስታ ሰጥቶ፣ ቀይ ቅመም የበዛበት የበሬ ሥጋ ሾርባ ይቀርብለታል። ሌሊቱን ሁዋቱ የሚባለውን፣ አበባና ወፍ የተሳለበትን ትንንሽ ካርታ እየተጫወተ ያድራል። በድሮው ወግ የሟች ወንድ ልጆች ሻካራ የቃጫ ልብስና ቆብ ያደርጋሉ፤ ወላጅን አፈር ማልበስ ራስን ዝቅ አድርጎ መታየትን ይጠይቃል ተብሎ ይታመናልና። መርካቶ ደግሞ ጥቁር ይለበሳል፣ ነጠላ ይዘቀዘቃል። ልብሱ ይለያይ እንጂ ሐዘኑን ገላ ላይ ማሳየቱ አንድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ተመልካቹን የሚይዘው ከአሜሪካ የሚመጣው ወንድም ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ቤት ልጁን ወደ ሱዳን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ አሜሪካ፣ በኋላም ወደ ዐረብ አገር ሸኝቷል። እናት ስትሞት እዚያ ላለው ልጅ በስልክ በቀጥታ አይነገርም። ዘመድና ጓደኛ ይፈለጋል፤ ማለዳ፣ ሥራ ሳይሄድ፣ ሰብሰብ ብለው ቤቱ ይሄዳሉ፤ መርዶ በሰው መሐል ነው የሚነገረው። መምጣት የቻለ ሲመጣ ደግሞ እዚህ ድንኳኑ ፈርሶ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ ሐዘንተኛውም ትንሽ ረጋ ብሎ ይሆናል። ታክሲው በር ላይ ሲቆም ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። እህት ለሳምንት የቻለችው እንባ ወንድሟ ሻንጣውን ሳያወርድ ይፈሳል። ለጎረቤትና ለእንግዳ የታሰበው ጽናት ለወንድም አይሠራም፤ ያቺን እናት እናቴ ብሎ የጠራ እሱ ብቻ ነውና። ኮሪያዊው ዳይሬክተር ይህን አውቆ ነው ወንድምየውን መጨረሻ ላይ ያመጣው።

ኮሪያ መርካቶ ቤት ድረስ የመጣችበት መንገድ ረጅም ነው። መርካቶ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የተስፋፋ ነው። ገበያው ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ፊልምም ያስገባ ነበር። ሲኒማ ራስ፣ ስሙ እስከ ዛሬ የታክሲ ረዳት የሚጠራው መውረጃ ሆኖ የቀረው፣ ለአንድ ትውልድ የህንድ ፊልም ማለት ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራው “ማዘር ኢንዲያ” ብድር ያጎበጣት፣ ልጆቿን በማረሻ ያሳደገች፣ በመጨረሻም ክብር ብላ በገዛ ልጇ ላይ የምትተኩስ እናት ታሪክ ነው። የመርካቶ እናቶች በሂንዲ አንድ ቃል ሳያውቁ ሙሉውን አልቅሰውበታል። በቤተሰብ ታሪክ ላይ በባዕድ ቋንቋ ማልቀስ እዚህ ሰፈር ከኮሪያ በፊት የተለመደ ነው።

ከዚያ ቪዲዮ ቤቶች መጡ። በጣውላ ወንበርና በአንድ ቴሌቪዥን፣ ደጁ ላይ መጋረጃ ተጥሎ፣ ልጆች ሳንቲም እየከፈሉ ካራቴና ህንድ ያዩ ነበር። ሲዲ ኪራይ ተከተለ። ዲሽ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ የዐረብ ጣቢያዎች ገቡ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የቱርኩን፣ የህንዱን፣ የላቲን አሜሪካውንና የኮሪያውን ድራማ በአማርኛ ድምፅ አቀረበው። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ሥራችንን ይገድላል፣ ባህላችንን ይበርዛል ብለው ተቃወሙ። ስለ ሥራው የነበራቸው ስጋት ተገቢ ነበር፤ ስለ ባህሉ ያሉት ግን ሁሉንም ድራማ በአንድ ከረጢት የከተተ ነው። በዚያው ዓመት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር 2008፣ በኮሪያ ቲቪኤን በተባለው የኬብል ጣቢያ ይታይ የነበረው “ሪፕላይ 1988” ልጅ አባቱን ስለማክበርና ጎረቤት ስለመረዳዳት የሚተርክ ሥራ ነው። በጊዜው በኮሪያ ኬብል ቴሌቪዥን ታሪክ ከፍተኛውን የተመልካች ቁጥር ያገኘ ሲሆን፣ ብዙ ቤት ሦስት ትውልድ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ አይቶታል።

ወደ መርካቶ እንዲህ ዓይነቱ ድራማ የሚገባው በአብዛኛው በፍላሽና በቴሌግራም ነው። “ፊልም እንጭናለን” የሚል ወረቀት የለጠፈ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ፎልደሮቹ በአገር ተከፍለዋል። ደንበኛው ሚሞሪውን ያቀብላል፣ “ኮሪያ፣ ግን የፍቅር ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ” ይላል፣ ጫኙም ሙሉውን ከነሰብታይትሉ ይገለብጥለታል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ተራው ይሄዳል። ሸማ ተራ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሱቅ ልጅ ስልኳን በጨርቅ ጣቃ ላይ ታስደግፋለች። አንዱን ጆሮ በማዳመጫ ትይዛለች፣ ሌላውን ለደንበኛ ትተዋለች። “ስንት ነው ሜትሩ?” ሲባል በጣቷ አቁማ ዋጋውን ትነግራለች፣ ትለካለች፣ ትቀድዳለች፣ ገንዘቡን ተቀብላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀው አንድ ክፍል በዚህ አኳኋን ሲታይ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት ይወስዳል። ለቅሶው ላይ ደንበኛ ከመጣ ዓይኗን ጠርጋ ነው የምትነሳው፤ ደንበኛዋም ምን ሆነሽ ብላ ትጠይቃለች፣ ሁለቱም ስልኩ ላይ ያጎነብሳሉ።

ሁለተኛው ክፍል እንዲህ የሚነካው የመጀመሪያው መሬቱን ስላረሰለት ነው። ድራማው የሚካሄደው በሴኡል ሰሜናዊ ክፍል፣ ሳንግሙን ዶንግ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቅያስ ላይ በሚኖሩ አምስት ቤተሰቦች መካከል ነው። በመጀመሪያው ክፍል እራት ሲደርስ አንዷ እናት ለጎረቤት ሳህን ታስይዛለች፤ ጎረቤቷም ሳህኑን ባዶውን አትመልስም። ልጆች በየደጁ ሳህን ይዘው ይተላለፋሉ፤ እንዲህ ከሆነማ ለምን አንድ ላይ አንበላም እስኪባል ድረስ። ይህን ለመርካቶ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን ያወቀው በእናቱ ቁጣ ነው። የፋሲካ ድፎ ለሙስሊም ጎረቤት፣ የዒድ ብስኩትና ጣፋጭ ለክርስቲያን ጎረቤት በዚያው ሳህን ሲመላለስ ኖሯል፤ የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ደወል በሚሰማበት አንድ ግቢ።

የከሰሉም ነገር አለ። ድራማው በሚተርክበት ዘመን ብዙ የኮሪያ ቤት የሚሞቀው ክብ በሆነ የተፈጨ ከሰል ነበር፤ ጭሱ ሌሊት ሾልኮ ቤተሰብ ይጨርስ ነበር። በድራማው ውስጥ ጋዝ ቤቱን ሲሞላው ወላጆች ታላቋንና ታናሹን ጎትተው ያወጣሉ፤ መካከለኛዋ ዶክሱን ትረሳለች፣ በራሷ ተስባ ትወጣለች። ትዕይንቱ በቀልድ የቀረበ ነው። በከሰል ማንደጃ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው ያለበት ሰፈር ግን አብሮ አይስቅም፤ በከሰል ጭስ የሞተ ሰው ስም እዚህም ይታወቃል።

ዶክሱን የምትኖረው ከፊሉ ከመሬት በታች በሆነ ምድር ቤት ነው። አባቷ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ እዚያ የገባው ለጓደኛው ዋስ ፈርሞ ዕዳው በእሱ ላይ ስለወደቀ ነው። ከድራማው ነገር ሁሉ የመርካቶን ነጋዴ አንገቱን የሚያስነቀንቀው ይህ ነው። መርካቶ በዱቤና በቃል የቆመ ገበያ ነው። ሸቀጥ ከአስመጪ ወደ ጅምላ፣ ከጅምላ ወደ ቸርቻሪ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በሰው ላይ በተጣለ እምነት ነው፤ ዋስ የሆነ ሰው ጓደኛው ሲሰወር ሱቁን ይሸጣል። የሱንግ ዶንግ ኢል ሚስት የማያልቀው ምሬት፣ የልጆቹ አንድ ዶሮ መሻማት፣ ለእህት በቀረበው የልደት ኬክ የዶክሱንም ልደት መከበሩ፣ ሁሉም ከዚያች ፊርማ ይመነጫል። ዶክሱን በልደቷ ቀን ገንፍላ ስታለቅስ አባቷ ማታ ትንሽ ኬክ ገዝቶ ይመጣና አባትነት ለእሱም አዲስ መሆኑን ይነግራታል። ሁለተኛው ክፍል ይህን ሰው ልጅ አድርጎ ሲያሳየው ተመልካቹ የአባቱን አፍ ቀድሞ ሰምቷል።

የድራማው ዘመን ራሱ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ነው። የሴኡል ኦሊምፒክ የተከፈተው መስከረም 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ሲሆን ዶክሱን በመክፈቻው ላይ የአገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እንድትይዝ ተመርጣለች። ለወራት የተለማመደችው ለማዳጋስካር ነበር። ማዳጋስካር አልመጣም አለች፤ ልጅቷ አልቅሳ ስታበቃ የኡጋንዳ ሰሌዳ ይደርሳታል። ቀልዱ እውነተኛ ታሪክ አለው። ከሰሜን ኮሪያ ጎን በመቆም ያልተገኙ አገሮች ነበሩ፤ ኩባና ኢትዮጵያ ይገኙበታል። ስለዚህ ዶክሱን በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስትሄድ የኢትዮጵያ ሰሌዳ የለም። በላይነህ ዲንሳሞ በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2፡06፡50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። ሴኡል ላይ ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2፡10፡32 ሲያሸንፍ በላይነህ በውድድሩ አልነበረም።

ይህ ነገር የሚያስቆጨው ኢትዮጵያ ያቺን አገር በደም ስለምታውቃት ነው። የኢትዮጵያ ዘማች ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ በግንቦት 1951 እ.ኤ.አ. ቡሳን ወደብ ደርሶ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ዘመን በየተራ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ የተማረከ አልነበረም። ቹንቾን ከተማ በ1968 እ.ኤ.አ. ሐውልት አቆመችላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሄደው አዩት። ደርግ ሲመጣ ፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆነች፤ አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ ተተከለ፤ የደቡቡ ዘማች ሜዳሊያውን ሣጥን ውስጥ ከተተ። በ1981 መርካቶ ውስጥ ሌላ ሐዘን ነበር። እናት ልጇን ከአፈሳ ትደብቃለች፤ የተያዘባት ደግሞ ከሰሜን ጦር ግንባር ወሬ ትጠብቃለች። ያኔ ለብዙ ቤት ድንኳን የሚተከልበት አስከሬን አልመጣም። ድራማውን ዛሬ የሚያይ የዚያ ዘመን ሰው የሴኡልን ልጆች የልደት ኬክ ከዚያ ጋር ሳያስተያይ ማለፍ ይቸግረዋል፤ ሆኖም ቅናት አይመስልም። ያችኑ 1981 ከሌላ መስኮት ማየት ነው።

በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ አባትየው ከለቅሶ ተመልሶ፣ ትንሽ ጠጥቶ፣ እናቱ የሞተችበትን የጎረቤት ልጅ ቴክን እናትህ የምትናፍቅህ መቼ ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ቴክ የሰዓት ሱቅ ያለው ሰው ልጅ፣ ዝምተኛ፣ የታወቀ የቦርድ ጨዋታ አዋቂ ነው። ሁልጊዜ፣ በየቀኑ ይላል። ሰውየው ያዳምጠዋል፤ በዕድሜ ልጁ የሚሆነው ሰው በሐዘን ግን ታላቁ ነው። እናቱን በሕፃንነቱ ያጣ የመርካቶ ሰው ይህን መልስ ሲሰማ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ፊልሙን ያቆማል።

ድራማው የሚዘጋው ቅያሱ ሲፈርስ ነው። አምስቱ ቤተሰቦች አንድ በአንድ ይለቃሉ፤ ሰፈሩ ለአዲስ ሕንፃ ይጸዳል። ይህም መርካቶ የሚያውቀው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኮንዶሚኒየም ግንባታና በመልሶ ማልማት የአሮጌው ሰፈር ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ የጭቃ ቤት በነበረበት ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ቆሟል። በኮሪያም የገጠር ቤት ደጅ ላይ የነበረው ለቅሶ ዛሬ በአብዛኛው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ባለ የሐዘን አዳራሽ ነው የሚካሄደው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ደግሞ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ፤ ድግሱም ሐዘኑም እዚያ ይከናወናል። ከመርካቶ የተነሱ ብዙዎች ግን ከአሮጌው እድራቸው አልወጡም። በወሩ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ዳኛውን ሰላም ይላሉ፤ ጡሩምባው ከሩቅ ስለማይሰማ ሞት በስልክ ይነገራቸዋል። ድንኳኑ ዛሬ በአይሱዙ ተጭኖ እስከ የካ አባዶ፣ እስከ ጀሞ ይሄዳል፤ የሚያድሩት ወጣቶችም ካርታውን ይዘው አብረው ይጫናሉ።